ለአስናቀ የሰጠሁት መርፌ

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ደሴ ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም «ሲስተር» ነው የምባለው፤ በወረቀት ግን ሲስተር ሆኜ አላውቅም። የጤና ረዳት ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ስወጋ፣ ቁስል ሳጥብ፣ ሕፃን ስመዝን ኖሬ በጤና ረዳትነቴ ተሰናበትኩ። በሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በማግስቱ እንደ ልማዴ ማልጄ ተነሥቼ ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ከገባ ከርሟል። ጀርባውን አሞት በታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጀምሮ፣ አሁን ያለ እሱ መዋል አቅቶታል። ለባሏ አልነገረች፣ ለእናቷ አልነገረች፤ ለእኔም ስትነግረኝ ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

«ሲስተር፣ እንደኔ ያለች እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አይቻለሁ አልኳት። ልጁን ይዘን የሚረዳው ሐኪም ጋ ሄድን፤ አሁንም ሕክምናውን እየተከታተለ ነው። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቀረ። ያየኋትን እናት፣ ልጇን፣ ቤታቸውን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። በዚያ ቤት ላይ እኔ ያጠፋሁትንም ጭምር።

ከጤና ረዳት ትምህርት ቤት የወጣሁት በደርግ ጊዜ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ኮን የምትባል ትንሽ ከተማ ተመደብኩ። የኮኑ አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ፍቅራቸው ግን ከቅጽ ጋር ነው። በሽተኛው እያቃሰተ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የገበሬ ማኅበሩን ስም ጽፈው ሳይጨርሱ ቀና አይሉም። እዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በየቀበሌው እየዞርኩ ክትባት ስከትብ ቆየሁና ወደ ላሊበላ አካባቢ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ ከጋሸና ወደ ላሊበላ መኪና የሚገኘው መንገዱ ሲደርቅ ነው። ጋሸና አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ጠብቄ፣ በመጨረሻ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ገባሁ።

ክሊኒካችን ሦስት ክፍል ያላት ቆርቆሮ ቤት ናት። በር ላይ አንድ ጠይም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኑ በእጅ የተጣፈ ሰውዬ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋሼ እምሩ ናቸው፤ የአገሬው ሰው «አያ እምሩ» ይላቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢ፣ ሆነው ሠርተዋል። ሻንጣዬን ተቀብለው፣ እንዴት መጣሽ ሳይሉ፣ መጀመሪያ እጄን አስታጠቡኝ። እስከ ክንድሽ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምሳ ሰጡኝ።

የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብል ትምህርት ቤቴ አይቀየመኝም። ያን ጊዜ ስሪንጁ መስታወት ነው፤ ተቀቅሎ ይደገማል። ጋሼ እምሩ ውሃው ሲንተከተክ አይተው አያምኑትም። እዚህ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ እንደ ቆላው አይግልም ይሉኝ ነበር። ሌላው ቦታ የሚቀቀልበትን ጊዜ እጥፍ አድርገው፣ ሰዓታቸው የቆመች ቀን ደግሞ ጸሎታቸውን ከዳር እዳር ደግመው ነው የሚያወጡት። መርፌዋን ከመጠቀማቸው በፊት ጫፏን በጥጥ ላይ ጎተት ያደርጓታል። ጥጥ ይዛ ከመጣች ጫፏ ታጥፏል ማለት ነው፤ በለስላሳ ድንጋይ ስለው እንደገና ይቀቅሏታል። «ባልሳለ መርፌ የተወጋ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ታሞ ቤቱ ይሞታል» ይሉ ነበር።

የብልቃጡን ስም ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ከመደርደሪያው ሲያነሡት፣ ሲሰብሩት፣ ባዶውን ሲያስቀምጡት። ማንንም በሽተኛ ከላይ ሆነው አያናግሩም። ዝቅ ያለች በርጩማ አለቻቸው፤ እሷን ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና «ቤት ውስጥ ማን አለ?» ብለው ይጀምራሉ። ማን ያስታምምሃል፣ ማን እንቅልፍ አጣ፣ ማን ሳይበላ ዋለ። ሰውየው ስለ ሆዱ ሊናገር መጥቶ ስለ ሚስቱ ሲያወራ እኔ ሰልፉን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። በኋላ ነው የገባኝ። ግማሹን በሽታ እዚያ ነበር የሚያገኙት።

የወረዳው ካድሬ አልፎ አልፎ እየመጣ በጥይት ቆስሎ የታከመ ሰው ስም አምጡ ይለናል። ጋሼ እምሩ በአክብሮት ያስቀምጡትና እጅጌውን ሰብስበው ደም ግፊቱን ይለካሉ። ከፍ ብሏል፣ ቁጣ ይቅርብህ፣ ጨው ቀንስ ይሉታል። ስለ ራሱ ጤና ሲጠይቅ ሲጠይቅ የመጣበትን ይረሳል። ደሞዛችን በየመዋጮው ተቆራርጦ፣ ያም ዘግይቶ ነበር የሚደርሰን። ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሁሉም እንደዚያው ነበር።

አስናቀን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነው።

አስናቀ የመሪጌታ ክንፉ ልጅ ነው። መሪጌታ ላሊበላ ውስጥ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው ዲያቆን ሳለ ድምፁን ለመስማት ሰው ከሌላ ደብር ይመጣ ነበር ይባላል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ዳሌው አጥንት ውስጥ ሊወጣ ያልቻለ ፍንጣሪ ብረት ይዞ፣ በቀኝ እግሩ እያነከሰ ነው። ሰባት ወር ሆስፒታል ተኝቷል። ሰባት ወር ሙሉ በየጥቂት ሰዓቱ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሲወጉት ኖረው፣ አንድ ቀን የስንብት ወረቀትና ጥቂት አስፕሪን ሰጥተው ሸኙት።

እኛ ጋ ሲመጣ መልከ መልካም፣ ትሁት፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አፍንጫው ይፈሳል፤ ያዛጋል፤ በጠራራ ፀሐይ እንደ በረደው ሰው የገላው ጠጉር ቆሞ ይንቀጠቀጣል። የመድኃኒቱን ስም እኔ በማልችለው አነጋገር አጥርቶ ጠራው፤ ፔቲዲን። እሱ መድኃኒት እኛ ጋ በትንሽ የብረት ሳጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ፣ ለከባድ ስብራትና ለከባድ ቃጠሎ ብቻ የሚወጣ ነው። ሃያ ብልቃጥ ነበረን።

ጋሼ እምሩ በርጩማቸውን ስበው ለረጅም ጊዜ አነጋገሩት። መቀመጫውን አዩት፤ ከመርፌ ብዛት ሥጋው ጠጥሮ ጣት አያስገባም። ሲወጣ ሕመምህ ሁለት ነው አሉት፤ አንዱ የብረቱ ነው፣ አንዱ የመርፌው ነው፤ ለብረቱ ክኒን እሰጥሃለሁ፣ ለመርፌው ግን ሌላ መርፌ አልሰጥህም። አስናቀ ሳቅ ብሎ ምርቃት መሰል ነገር ተናግሮ ወጣ። በሚቀጥለው ቀን መጣ። በሚቀጥለውም። እሳቸው ሁልጊዜ ያንኑ መለሱለት፤ ግን አንድም ቀን ሳያስቀምጡት፣ እንዴት አደርክ ሳይሉት አልሸኙትም።

ቤታቸው እየተፈታ መሆኑን ከእህቱ ከየሺ ሰማሁ። የሺ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታጭታ ነበር። ለሠርጓ የተሸመነው ቀሚስ አንድ ቀን ከሣጥኑ ጠፋ። አስናቀ ጋሸና ድረስ ሄዶ፣ መድኃኒት ከሚያመላልስ አንድ ሹፌር ጋር በብልቃጥ ለውጦት ነው። ከዚያ የእናቱ የመዳብ ድስት ሄደ፤ ከዚያ የመሪጌታ የብራና ዳዊት። ወሬው የአማቾቿ ጆሮ ደረሰና እጮኝነቱ ፈረሰ። መሪጌታ ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገሩም። ማኅሌት ላይ ልጅህ እንዴት ነው ሲባሉ፣ ይሻለዋል ይላሉ። እናቱ ወይዘሮ ዘነቡ በየጠበሉ ይዘውት ዞሩ። ቤት ውስጥ ሰው ተራ እየገባ ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀውም አይተኛም።

በግንቦት ወር ጋሼ እምሩ መድኃኒት ለማምጣት ደሴ ወረዱ። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብለው የሳጥኑን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋውና ሰባት ሳምንት ቆዩ።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ዘነቡ መጡ፤ ብቻቸውን። ወንበር ስሰጣቸው ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሁለት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር እየተላተመ ነው፤ ፊቱ አብጧል።

«ልጄ፣ አንድ ብቻ» አሉኝ። «አንድ ቀን ይተኛልኝ። ሌላ አልለምንሽም።»

እግሬን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ያዝኳቸው። እናቴ ትዝ አለችኝ። ሳጥኑን ከፈትኩና ቤታቸው ሄጄ ወጋሁት። ሰውነቱ ወዲያው ሲፈታ፣ ፊቱ የሕፃን ፊት ሲሆን አየሁ። ወይዘሮ ዘነቡ ግድግዳ ተደግፈው እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከጓዳ የየሺ እህል የመፍጨት ድምፅ ይሰማል። ወደ ክሊኒኩ ስመለስ በሥራዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ደግመው መጡ። ሰጠሁ። ከዚያ ራሱ ይመጣ ጀመር። እስከ በሩ ድረስ እየሳቀ ነው የሚመጣው፤ ገና ሳልናገር ያመሰግነኛል። ነገ እቀንስለታለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ዓይኑን አይቼ አልችልም። በመዝገቡ ላይ «ስብራት» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን የሺ ልብስ ለማጠብ ወንዝ ስትወርድ በክሊኒኩ በኩል ዞራ መጣችና ውጭ ጠራችኝ።

«አትስጪው» አለችኝ። «አንቺ ስትሰጪው ቤታችን ጸጥ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ጸጥታው ነው።»

እንዳላጠፋ ሰው ተቆጣኋት። ወንድምሽ እየተሠቃየ እንዴት እንዲህ ትያለሽ አልኳት። እንስራዋንና ልብሷን ይዛ ወረደች።

በሰኔ መጨረሻ ዝናብ በጀመረ በጥቂት ቀን አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ከገነተ ማርያም በኩል መጡ። ቃሬዛው ላይ ያሉት አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። በሬያቸው ከገደል አፋፍ ሲንሸራተት ሊመልሱ ብለው አብረውት ወድቀዋል። የግራ እግራቸው ቅልጥም ሁለቱም አጥንት ተሰብሮ፣ ተረከዛቸው ወደ ጎን ዞሯል። ጣቶቻቸውን ስነካ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ደም እየደረሰ አይደለም። ወደ ወልድያ ልላካቸው ብል መንገድ የለም፤ ቢኖርም እግሩ እስከዚያ አይቆይም። እዚያው መጎተትና ማቃናት ነበረብኝ። አደራረጉን ጋሼ እምሩ አሳይተውኛል፤ መጀመሪያ ፔቲዲኑን ወግቶ ሥጋው እስኪላላ መጠበቅ፣ ከዚያ አንዱ ጉልበቱን ሲይዝ ሌላው ተረከዙን በቀስታ መሳብ ነው።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ከፈትኩት። የመጨረሻውን ብልቃጥ በዋዜማው ለአስናቀ ሰጥቻለሁ።

ለሰዎቹ መድኃኒቱ አልቋል አልኳቸው። አያ ሞላ ምንም አልጠየቁኝም። ከወንድማቸው የበሬ ጠፍር ተቀብለው ነከሱ። ጎተትኩ። ጠፍሩ ከአፋቸው ወደቀና የጮሁት ጩኸት... ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ሁለት ልጆቻቸው በር ላይ ቆመው ነበር። እግሩ ተቃና፤ ጣቶቹ ሞቁ፤ በጣውላና በፋሻ አሰርኩት። ከዚያ እጄን እስከ ክንዴ ታጠብኩ።

ጋሼ እምሩ በማግስቱ ተመለሱ። ጭቃቸውን እንኳን ሳያራግፉ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሄደው የአያ ሞላን እግር አዩ፤ ጣውላውን ፈትተው እንደገና አሰሩት፤ አሠራሩ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ወረቀት አውጥተው ለበላይ ሪፖርት ጻፉ። በእኔ ስም ስር የራሳቸውንም ስም ጨመሩ። ለምን ስላቸው፣ ስለ ልጁ ሕመም ነግሬሽ ስለ ልመናው ሳልነግርሽ ቁልፍ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ አሉ። ቆይቶ ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣ። እሳቸው በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው የመጀመሪያቸው ነው።

በተመለሱ ማግስት ጋሼ እምሩ በርጩማዋን ተሸክመው፣ አብረን መሪጌታ ቤት ሄድን። አስናቀ መድኃኒት ካገኘ ሦስት ቀኑ ነው፤ ምጣድ ላይ እንዳለ ሰው ይገላበጣል። ጋሼ እምሩ አጠገቡ ተቀምጠው እውነቱን ነገሩት። አሁን በሳጥኑ ምንም የለም፤ ያመጣሁትንም ለአንተ አልከፍተውም፤ የሚመጣው ሳምንት ክፉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ይቀላል፤ እስኪቀል ድረስ ከዚህ አልነሣም።

ቃላቸውን ጠበቁ። እሳቸው ሲደክማቸው እኔ፣ እኔ ስሄድ የሺ፣ ቤቱን በተራ ያዝን። ስኳርና ጨው የተበጠበጠ ውሃ በማንኪያ እናጠጣዋለን፤ ያስመልሰዋል፤ እንደገና እናጠጣዋለን። ድንጋይ አሙቀን በጨርቅ ጠቅልለን ቁርጥማት በያዘው እግሩ ላይ እናደርጋለን። ይሰድበናል፤ ይለምነናል፤ እናቱን ልቤን ከምትበይው ግደይኝ ይላቸዋል። ጋሼ እምሩ ወይዘሮ ዘነቡን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ልከው በግድ ያስተኟቸዋል። ይህንንም እንደ መድኃኒት በሰዓቱ ነበር የሚያደርጉት።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መሪጌታ ግቢው ውስጥ ለአንድ ተማሪያቸው ዜማ እየነገሩ ነበር። እንቅልፍ ማጣቱ ጎድቷቸዋል መሰል አንዱን የዜማ ምልክት ዘለሉት። ከውስጥ፣ ከመደቡ ላይ፣ የሻከረ ድምፅ ያችን የተዘለለችውን አቃና። መሪጌታ ቆም አሉ። ከዚያ ለተማሪው፣ ሰማህ አይደል፣ እሱ እንዳለው ነው፣ ብለው ቀጠሉ። የሺ እጄን ጨብጣኝ ነበር፤ እስክትለቀኝ አላወቅኩም።

በዘጠነኛው ቀን አስናቀ ገንፎ ጠየቀ።

ከዚህ በኋላ ነው ጋሼ እምሩ የቀረውን ሥራዬን የነገሩኝ። አያ ሞላ መድኃኒቱ ለምን እንዳለቀ አያውቁም፤ ሄደሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ተቆጥተው ቢደበድቡኝስ ብል፣ እግራቸው ታስሯል አሉ። ሳልፈልግ ሳቅሁ። ልወጣ ስል አስናቀ በትሩን ይዞ ከኋላዬ መጣ፤ እኔም እሄዳለሁ አለ። የግማሽ ቀን መንገዱን ለሁለት ቀን ከፈልነው፤ ዳሌው ያመዋል፤ በየድንጋዩ እንቀመጣለን።

አያ ሞላን ጎጇቸው ደጃፍ ቆዳ ላይ ተዘርግተው አገኘናቸው። ሚስታቸው እትዬ ፋንታዬ ባቄላ ታርማለች። ቁሜ ነገርኳቸው፤ መድኃኒቱ ነበረ፣ ለዚህ ልጅ ሰጥቼ ጨረስኩት፣ የእርስዎ ድርሻ ነበር አልኳቸው። አያ ሞላ አስናቀን አዩት፤ እኔን አዩኝ። 

«ልጆቼ ስጮህ ሰምተውኛል» አሉኝ በመጨረሻ። «አባታችን ፈሪ ነው ብለው ይሆናል። በይ ጠርተሽ ንገሪያቸው። ሌላው ሰው በመድኃኒት የሚችለውን አባታችሁ በባዶው ነው የቻለው በያቸው።»

ሁለቱን ልጆች ጠርቼ፣ ጋሼ እምሩ እንደሚያደርጉት ዝቅ ብዬ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ትልቁ አባቱን አየና ፈገግ አለ። አያ ሞላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አስናቀ የሚሠራ ሥራ ካለ ልሥራ አለ። እትዬ ፋንታዬ ቤቴ አይገባም አለች፤ የዳዊት ሌባ ነው አሉ፣ ስትል እኔ አፈርኩ፤ እሱ ግን አዎ ነኝ አላት። ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከተማሪዎች ጋር እያደረ በየጠዋቱ ማሳው ላይ ይገኝ ጀመር። ጎንበስ ማለት ስለማይችል ተንበርክኮ ነው የሚያርመው። እትዬ ፋንታዬ ምሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጣለት ትሄዳለች፤ አታናግረውም።

በመስከረም ጠፋ። ሦስት ቀን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ጋሸና ሄዷል ሲባል ወይዘሮ ዘነቡ ክሊኒካችን መጥተው ተቀመጡ። ጋሼ እምሩ አብረዋቸው ተቀመጡ። እኔ ይህ ነገር አላበቃም እንዴ ብዬ ስናደድ፣ በቀስታ፣ ቁስል አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አጣቢው ግን ያው ነው አሉኝና ስሪንጅ መቀቀላቸውን ቀጠሉ።

በአራተኛው ቀን አስናቀ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደ። የሆነውን በኋላ ራሷ እትዬ ፋንታዬ ነች የነገረችኝ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ልብሱ ጭቃ ሆኖ ፊቷ ቆመና «እትዬ፣ ተወግቻለሁ» አላት። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ቆሎ ዘግና እጁ ላይ አፈሰሰችለትና ባቄላውን አረም ሊውጠው ነው፣ ቶሎ በል አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን ቤት ገብቶ በላ።

ከዚያ በኋላ ስለመውደቁ አልሰማሁም። ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ቅዝቃዜ ሲሆን ብረቱ ይነሣበታል፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ይወጣና ይራመዳል። ጋሼ እምሩ የሚሰጡትን ክኒን እንኳን እናቱ ናቸው የሚይዙለት፤ ራሱ ነው ያዥልኝ ያላቸው። የብራና ዳዊቱ አልተገኘም። የሺ ግን በዓመቱ ሌላ ባል አገባች፤ ቀሚሷን የሸመኑት የአያ ሞላ ወንድም ናቸው፤ ጥጡን የፈተለችው እትዬ ፋንታዬ ናት። አያ ሞላ ጣውላቸው ከተፈታ በኋላ ግራ እግራቸው ትንሽ አጠረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ አብረው ወደ ላሊበላ ገበያ ሲመጡ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እያነከሱ፣ ሲራመዱ ትከሻቸው እየተጋጨ፣ ሰው ሁሉ ያያቸውና ይስቃል። እነሱም ይስቃሉ። አያ ሞላ ለኔ ሲያስተዋውቁት ልክ እንደማላውቀው፣ «ይህ የኔ ድሬሰር ነው» ይሉኝ ነበር።

የኔ ዝውውር የመጣው በሚቀጥለው በጋ ነው። በደርግ መጨረሻ አካባቢ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ተወለድኩባት ደሴ ሄድኩ። ብዙ አለቆች አየሁ፤ ጥሩም መጥፎም። ብዙ ቦታ ሠራሁ። እንደ ጋሼ እምሩ ያለ ግን አልገጠመኝም። እሳቸው ከእኔ በኋላም እዚያው ቆይተው ጡረታ ወጡና ኮን፣ ትውልድ ቀያቸው ውስጥ ዐረፉ።

የሄድኩ ቀን መኪናው አጠገብ ሁሉም መጥተው ነበር። ወይዘሮ ዘነቡ ስንቅ ቋጥረውልኛል። አስናቀ ሻንጣዬን ጆንያው መሐል እያመቻቸ ነው። መሪጌታ ክንፉ ራቅ ብለው ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰላምታ ከመስጠት በቀር ስለሆነው ነገር አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ እኔም በፊታቸው ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ለአያ ሞላ የነገርኩትን ለእሳቸው አልነገርኩም። ያን ሳልናገር መሄድ አልቻልኩምና ወደሳቸው ሄድኩ።

«የኔታ፣ የምነግርዎ አለኝ» አልኳቸው። «ጋሼ እምሩ ባልነበሩበት ጊዜ ለአስናቀ መርፌውን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አራት ሳምንት ያህል ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እናቱን ወደ አንቺ የላክኋት እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ሄጄ እንዳልለምን አፈርኩ። እሷን አዋረድኋት። ያን ሰሞን ልጄ ሲተኛ እኔም ተኛሁ፤ የሺ እየነገረችኝ ዝም አልኩ። ንስሐ ገብቼበታለሁ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አስናቀ ከላይ ሆኖ ቶሎ በይ እያለ እጁን ዘረጋልኝ። ልሄድ ስል መሪጌታ ጠሩኝ።

«የክርስትና ስምሽን አላውቀውም» አሉኝ። «በጸሎት ሳስብሽ ‹ያችን የደሴ ልጅ› እያልኩ ነው የኖርኩት። እግዜር ታውቃታለህ እያልኩ።»

«ወለተ ኪዳን ነኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንዳይጠፋባቸው፣ በከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።